አጥሩ የማን ነው? ከባንኮ ጎቲቲ ተነሥተን ስለ ድንበር እናውራ

ሁለት ሜትር ስንት ነው? አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ መኪና እንኳ በቅጡ አያስቆምም። ባንኮ ጎቲቲ ላለ ገበሬ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። መቶ ሜትር ርዝመት ያለው የድንበር አጥር ሁለት ሜትር ወደ አንዱ ወገን ቢገፋ 200 ካሬ ሜትር መሬት ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ ማለት ነው። ቡና በየሁለት ሜትሩ ቢተከል በዚህች ቦታ ላይ 50 እግር ቡና ይቆማል። አንዱ እግር በደህና ዓመት ሁለትና ሦስት ኪሎ እሸት ቢሰጥ፣ በየዓመቱ ከመቶ ኪሎ በላይ እሸት ቡና ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል። ከቡናው መሐል የሚቆመውን እንሰት ሳንቆጥር ነው እንግዲህ።

ስለዚህ አንድ የጌዴኦ ገበሬ «ጎረቤቴ አጥሬን ገፋ» ብሎ ሲከስ «ለአጥር ብለው ተጣሉ» እያልን ባንስቅ ይሻላል። በነገራችን ላይ እንግሊዞችም በአጥር አይቀልዱም። እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ሕግ፣ ከሁለት ሜትር በላይ የረዘመ ጥቅጥቅ ያለ የአጥር ተክል ኑሮውን ያወከበት ጎረቤት ለአካባቢው ምክር ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። እነሱ የሚካሰሱት በቁመቱ ነው፤ እኛ በስፋቱ።

ጎቲቲን ለማታውቁት፦ ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ፣ ከምዕራብ ጉጂ ጋር በሚዋሰነው በኩል ያለ ቀበሌ ነው። ባንኮ ጪልጪሌ፣ ባንኮ ዳዳቶ እያሉ ስሙን የሚጋሩት ጎረቤት ቀበሌዎችም አሉ። የወረዳው ስም በአማርኛ ሲሰማ «ወሰን» የሚል ትርጉም መስጠቱ የቋንቋ አጋጣሚ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ስለ ድንበር ለሚጽፍ ሰው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትርን ያለፈ ደጋማ የቡና አገር ነው። በውጭ አገር ቡና ቆልተው በሚሸጡ ድርጅቶች ከረጢት ላይ «ጎቲቲ» የሚለው ስም ከይርጋጨፌ ጎን ታትሞ ይታያል። ቡናውን የሚጠጣው ሰው ግን ያ ስም ከጥቂት ዓመታት በፊት በረሃብና በመፈናቀል ዜና ውስጥ እንደነበረ አያውቅም። ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ አጥሩን እንይ።

አጥር እንዴት ይገፋል? ብዙዎቻችን የሚታየን ሌሊት ተነሥቶ ችካል የሚነቅል ሌባ ነው። እንዲህ ያለም አይጠፋም። አብዛኛው ጠብ ግን ከዚህ አይነሣም። የእኛ ገጠር አጥር የቆመ ተክል ነው፤ ተክል ደግሞ ያድጋል። ቆርች ቆርጠህ ብትተክለው ያቆጠቁጣል፤ ችካል ብለህ የተከልከው ዛፍ ይሆናል። ሰንሰል በየክረምቱ ይሰፋል። ሲተከል አንድ ክንድ ያልሞላ አጥር ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሁለት ሜትር ውፍረት ይዞ ይገኛል። ታዲያ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? በዚህኛው ጫፍ? በዚያኛው? በመካከሉ? መካከሉስ የቱ ነው፣ የመጀመሪያው ችካል በስብሶ ከጠፋ?

ከሁለቱ ጎረቤቶች አንዱ ትጉ ሌላው ችላ ባይ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትጉው በራሱ በኩል ያለውን በየዓመቱ ይመለምላል። ችላ ባዩ አይነካውም። አጥሩ ወደ ችላ ባዩ ማሳ እያዘመመ ይሄዳል፤ ማንም ሳይሰርቅ መሬት ይሰረቃል። ከቡና ዛፍ የወደቀ ፍሬ አጥር ሥር ይበቅላል፤ ችግኙን ያየ ሰው «የኔ ነው» ይላል፤ ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ፍሬ ሲይዝ ጎረቤቱም «የኔ ነው» ይላል። አንዱ ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ሲተክል ሥሩ የሌላውን ውሃ ይጠጣል። አባት ሞቶ መሬቱ ለወንድማማች ሲከፈል ደግሞ ትናንት የግቢ ውስጥ መተላለፊያ የነበረው መስመር ዛሬ ድንበር ይሆናል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ጨምሯል፣ መሬቱ ግን ያው ነው። ሔክታር የማይሞላ ይዞታ ላይ ብዙ ነፍስ ያድራል። እንዲህ ባለ አገር አጥር የሚሰፋው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም፤ የሰው መሶብ ላይ ነው።

ጌዴኦዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚያዩበት ሸንጎ አላቸው። ሶንጎ ይባላል። ሶንጎ የሽማግሌዎች ጉባኤም ነው፣ የሚቀመጡበት ቦታም ነው። ከመንደር ጀምሮ እያደገ እስከ አባ ገዳው ድረስ የሚደርስ፣ «ባሌ» በሚሉት የራሳቸው የገዳ ሥርዓት ውስጥ የተሰካ ነው። ሕጉን «ሴራ» ይሉታል። በአማርኛ «ሴራ» የሚለው ቃል የተንኮል ስም መሆኑ ስንቱን የመሐል አገር ሰው አሳስቶት እንደሆነ እንጃ! እነሱ ዘንድ ግን ሰው ተስማምቶ የሚገዛበት ደንብ ማለት ነው።

የአጥር ጠብ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ በጌዴኦም ይሁን በጎጃም፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው ተቀምጦ አይደለም። ተነሥተው ቦታው ላይ ይሄዳሉ። ያረጀ ጉቶ ይፈልጋሉ። የትኛው ተክል ቀድሞ እንደተተከለ፣ የትኛው በኋላ እንደመጣ ከግንዱ ውፍረት ያያሉ። ከሁሉም በላይ ግን አዋሳኞቹን ይጠራሉ። በላይ በኩል የሚያርሰውን፣ በታች በኩል ያለውን፣ አጥሩ ሲተከል ልጅ ሆኖ ችካል ያቀበለውን ሰው ይጠይቃሉ። «አባቱ በሕይወት ሳሉ ውሃ የሚወርደው በየት በኩል ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። እማኙ ደግሞ ነገ ከሁለቱም ጋር ለቅሶ የሚደርስ፣ ደቦ የሚወጣ ሰው ነው። ቢዋሽ የሚዋሸው አብሮ በሚኖረው ሰው ላይ ነው። የድንበር ማስረጃ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አጥሩን የሚያውቅ ጎረቤት። ጽሑፌ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው።

ሌላ አገር ያለ አንድ ልማድ ልጨምር፤ የጌዴኦን አገር ስለሚመስል ነው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ወገብ ላይ የሚኖሩት የታንዛኒያ ቻጋዎች እንደ ጌዴኦ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ያበቅላሉ፤ በእንሰት ፋንታ ሙዝ ነው ያላቸው። ድንበራቸውን የሚያመለክቱት «ኢሳሌ» በሚሉት ቅጠለ ረጅም ተክል ነው። ጎረቤቱን የበደለ ሰው የዚሁኑ ተክል ቅጠል ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ቅጠሉ የቀረበለት ሰው እምቢ ማለት አይገባውም። ድንበር የሚለየውም እርቅ የሚያወርደውም አንድ ተክል ነው! ስለዚህ ልማድ መጀመሪያ ስሰማ ማን እንዳሰበው ባውቅ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

አሁን ወደ ገመዱ እንሂድ።

ጌዴኦ በ1880ዎቹ ማብቂያ በምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ነው፤ ነፍጠኛ፣ ገባር፣ ባላባት። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እስከ 1920 ድረስ ሲዳሞን ከነ ጌዴኦው ገዙ። ቡና ገንዘብ እየሆነ ሲመጣ ደግሞ መሬቱን መለካት ተፈለገ። ቃላድ የሚባለው የመለኪያ ገመድ መጣ። መሬት በጋሻ መቆጠር ጀመረ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቃላድ ሲጣል ምን ሆነ? ገመድ የያዘው ሰው አንድ ጋሻ ብሎ የቆጠረው መሬት ውስጥ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት አጥር፣ ስንት የአባት ጉቶ ነበር። ገመዱ እነዚህን አላያቸውም፤ ሥራውም እነሱን ማየት አልነበረም። ሥራው ከላይ ሆኖ ለመንግሥት፣ ለሹም፣ ለባለ ርስት መቁጠር ነበር። ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ድንበር እንደ ቀድሞው በሶንጎ ይታይ ይሆናል፤ ከባለ መሬቱ ጋር ያለው ድንበር ግን የሚታየው በመዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የገበሬው ስም የለም። በዚህ መንገድ አንድ መሬት ሁለት ዓይነት እውነት ተሸከመ፤ አንዱ በጎረቤት አፍ፣ ሌላው በመዝገብ ቤት ወረቀት። ሲጋጩ የሚያሸንፈው የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ይህ ነገር ፈንድቶ የወጣው በ1952 ነው። ያኔ አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። ቡናውን የተከለው፣ የኮተኮተው፣ የለቀመው ጭሰኛ ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። አልሰጥም አለ። ሚጪሌ በተባለው ቦታ ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ጋር ገጠመ። ብዙ የጌዴኦ ገበሬ ሞተ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን ላከ። ስለ ባሌ አመፅ፣ ስለ ጎጃም ገበሬ አመፅ፣ ስለ ቀዳማይ ወያነ ብዙ እንሰማለን፤ ሚጪሌን ግን ከዲላ ወዲህ ያለን ሰዎች ስንቶቻችን እናውቃታለን?

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያው በ1952፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ዛሬም ድረስ የምንሠራበት ነው። በዚህ ሕግ ቁጥር 1225 ላይ አንድ ባለ ሀብት ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት እንደሌለበት ተደንግጓል፤ ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ ሽታው፣ ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ። ግሩም ሕግ ነው። ግን የሚናገረው ስለ ባለ ሀብት ነው። በዚያው ዓመት ሚጪሌ ላይ የወደቀው ገበሬ የአጥሩም የቡናውም ባለ ሀብት አልነበረም፤ በሕጉ ዓይን ጎረቤት ለመሆን እንኳ የበቃ አልነበረም። አራት ኪሎ ላይ የመልካም ጉርብትና ሕግ ሲጻፍ፣ ዲላ አጠገብ የሆነውን ያነበበ የሕግ ሰው ካለ ምን ብሎ እንዳሰበ ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ደርግን በአጭሩ እንለፈው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ መሬት ለአራሹ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይሆን ተወሰነ። 800 ሔክታር ገደማ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩም የፍርድ ሸንጎ ነበረው። የአጥር ክስ ወደዚያ ሄደ። እንሰትና ቡና ባለበት አገር መሬቱን እንደ ሰሜኑ ደጋግሞ ማከፋፈል ከባድ ነው፤ ተክሉ ቋሚ ስለሆነ፣ ጤፍ አይደለምና አጭደህ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሰው አትሰጠውም። በአማራ ክልል ግን እስከ 1989 ድረስ መሬት በገመድ እየተለካ ሲከፋፈል ነበር፤ የዚያ ዓመት ሽግሽግ ያጣላቸው ጎረቤታሞች ዛሬም ድረስ አሉ። የጌዴኦ አጥር በአንጻሩ ረጅም ዕድሜ አለው። አያት የተከለው ቆርች ዛሬም የልጅ ልጅ ድንበር ሆኖ የሚቆምበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ግን አጥር ሳይሆን ካርታ ነው፤ የክልልና የዞን ካርታ።

ጌዴኦና ጉጂ በአፈ ታሪካቸው የወንድማማች ልጆች ነን ይላሉ፤ ደራሶ፣ ጉጆ፣ ቦሮ ከሚባሉ ወንድማማቾች ተወለድን ብለው ያወራሉ። ብዙ ዘመን አንዱ ቡናና እንሰቱን፣ ሌላው ከብቱን ይዞ ተሻሽጠዋል፣ ተጋብተዋል፣ አብረው አርሰዋል። ሲጋደሉም የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ በብሔር ክልሎች ስትዋቀር ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ይህ ቀበሌ የማን ነው? በ1987 ደም ፈሰሰ። በ1990 እንደገና፣ በሐገረ ማርያም (በዛሬዋ ቡሌ ሆራ) አካባቢ ከበፊቱ የባሰ ሆነ።

የመንደር አጥርና የክልል ወሰን ልዩነታቸው ስፋታቸው ብቻ አይደለም። የመንደር አጥር ሲያጣላ የተጣሉት ሁለት ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ይጠራቸዋል፣ ይመጣሉ። የወሰን ጠብ ላይ ግን ተጠሪው ማን ነው? «ጌዴኦ» ተብሎ አይጠራም፤ «ጉጂ» ተብሎ አይጠራም። ሕዝብ ሶንጎ ፊት አይቀርብም። እማኝ የነበረው አዋሳኝ በአንድ ሌሊት «የእነሱ ወገን» ይሆናል።

በ2010 ሚያዝያ ላይ የሆነው ይህ ነው። ግጭቱ ተነሣ፤ ሰው ተፈናቀለ፤ ረገበ ተብሎ ብዙዎች ተመለሱ፤ ሰኔ ላይ ከበፊቱ ብሶ ተቀሰቀሰ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከታዩት ትልልቅ መፈናቀሎች አንዱ ነበር፤ ዓለም ግን ብዙም አላወራበትም። እኛም በዚያ ሰሞን የለውጥ ደስታ ላይ ነበርን፤ እውነቱን እንነጋገር።

አብዛኛው ተፈናቃይ በምዕራብ ጉጂ፣ በቀርጫና በአካባቢው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ያለማ የጌዴኦ ተወላጅ ነበር። ከጉጂ በኩልም የተፈናቀለ፣ ቤቱ የተቃጠለ፣ የሞተ አለ፤ ይህንን አለማንሣት ነውር ነው። ጎረቤቱን ደብቆ ያተረፈም በሁለቱም ወገን ነበር። ባንኮ ጎቲቲ ድንበር ላይ ስላለች ሸሽቶ የመጣው ሰው ብዙው እሷ ላይ ወደቀ። በ2011 ችግሩ ጠነከረ። ተመለሱ ተብለው ሄደው እንደገና ሸሽተው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እርዳታው ግን ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ በሚል ተገድቦ ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በጎቲቲ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን አከመ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በመጋቢት 2011 ወደ አካባቢው መጥተው ተፈናቃዮችን አነጋገሩ። ከሁለት ወር በኋላ መጠለያዎቹ ፈረሱ፤ ሰው በመኪና ተጭኖ ወደ ቀዬው ተመለሰ።

ተመልሶ ምን አገኘ? ሚያዝያና ሰኔ ላይ የሸሸ ሰው የዚያን ዓመት ቡና አልለቀመም፤ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሌላ ሰው ለቀመው። ቤቱ ተቃጥሏል። አጥሩስ? በዓመት ውስጥ ካልተመለመለ አጥር ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። አሁን «ድንበሬ እዚህ ነበር» ቢል ማን ይመሰክርለታል? በላይ በኩል ያለው አዋሳኝም ተፈናቅሎ ነበር፤ አልተመለሰም ይሆናል። በታች በኩል ያለው ቡናውን የለቀመው ሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ቡናውን ጠብቆ ያቆየለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን «ለእነሱ መሰከርክ» እንዳይባል ፈርቶ አፉን ዘግቷል። ይህ ሰው አንድ ቀን የወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ «ማስረጃ አቅርብ» ሲባል የሚያቀርበው የለውም። የእሱ ማስረጃ ጎረቤቱ ነበር።

እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ «ለዚህማ ነው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚያስፈልገው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ በከፊል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የመጀመሪያው ደረጃ የመሬት ደብተር ተሰጠ። ያ ደብተር አንድ የምወደው ነገር ነበረው። ካርታ የለውም። በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስንህ በስም ይጽፋል። የሶንጎውን ዕውቀት ወረቀት ላይ ያሰፈረ ነው ማለት ይቻላል። ሌላም ትልቅ ነገር ሠራ፤ የሚስትን ስም ከባሏ ጋር አስገባ። ሽማግሌን አወድሼ ጀምሬያለሁና ይህንንም ልናገር። የሽማግሌ ሸንጎ የወንድ ሸንጎ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አጥር ከሌላው ሰው አጥር ይልቅ ቶሎ እንደሚገፋ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ገፊው ብዙ ጊዜ የባሏ ወንድም ነው፤ እማኝ ተብሎ የሚጠራውም የሱ ዘመድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ስሟ የሰፈረበት ደብተር ከአሥር ሽማግሌ ይበልጥባታል። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ሁለተኛው ደረጃ ደብተር ሲመጣ ግን ካርታ መጣ። ከአየር በተነሣ ፎቶ ወይም በጂፒኤስ ይለካል። ለሜዳማ የጤፍና የስንዴ አገር ግሩም ነው፤ ድንበሩ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጌዴኦ ላይስ? እስቲ ከላይ ሆናችሁ ጌዴኦን ተመልከቱ። የሚታየው ዛፍ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ብርብራው፣ ከሥሩ ቡናው፣ እንሰቱ። በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ሳይጨፈጭፈው የኖረበት ደን መሰል እርሻ ስለሆነ፣ ከነ ሶንጎው ሥርዓት። ለመዝጋቢው ያስደነቀው የቅጠል ጣራ ለለኪው መጋረጃ ነው። ፎቶው አጥሩን አያየውም። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ጥቂት ሜትር ሊስት ይችላል። በሁለት ሜትር ጀምረን የለ? 50 እግር ቡና!

ሕጉ ይህንን አልረሳም። ከአዋጅ 456/1997 ጀምሮ የመሬት ይዞታ ክርክር በመጀመሪያ በባለ ጉዳዮቹ ውይይትና ስምምነት እንዲፈታ፣ ካልሆነም እነሱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ መንገድ ተከፍቷል። አዋጁ ዛሬ በ1324/2016 ተተክቷል። በልኬቱ አሠራርም ላይ ቢሆን ለኪው አዋሳኞችን ይዞ ድንበሩን እንዲዞር፣ ውጤቱም ሕዝብ አይቶ እንዲቃወም በአደባባይ እንዲለጠፍ ይጠበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህች ክፍል ናት። መሣሪያውን የያዘው ወጣት በቀን የሚጨርሰው ቁጥር ተሰጥቶታል። ድንበር መዞር ጊዜ ይወስዳል። አንዱ አዋሳኝ ቀርቷል፤ «ነገ ይፈርማል» ይባላል። አንዷ ባልቴት ማጀት ናት፤ ልጇ ይቆምላታል፤ ልጇ ደግሞ አጥሩን አያውቀውም። እንዲህ እያለ መስመሩ ይሳላል። ከዚያ በኋላ መስመሩና አጥሩ ሲለያዩ እንደ ቃላድ ዘመን አንድ መሬት ሁለት እውነት ይሸከማል፤ አሁንም የሚያሸንፈው ወረቀቱ ነው።

ልዩነቱን አልክድም። ቃላድ የመጣው ለባለ ርስቱ ነው፤ ደብተሩ የሚመጣው ለገበሬው ነው። ስለዚህ ነው ደብተሩ ይቅር የማልለው። የምለው፣ ባንኮ ጎቲቲንና እንደ ጎቲቲ ያሉ ቀበሌዎችን ስትለኩ ከመሣሪያው በፊት ሶንጎው ይጠራ ነው። ሽማግሌዎቹ ድንበሩን ይዙሩ፤ ያረጀውን ጉቶ ያሳዩ፤ አጥሩ ከወፈረ መካከሉን እነሱ ይበሉ፤ ሁለቱ ጎረቤቶች እዚያው ችካል ይትከሉ፤ ከዚያ ለኪው የተስማሙበትን ይለካ። ሴቶቹ በልጅና በወንድም ሳይሆን በራሳቸው እግር ይቁሙ፤ ሽማግሌዎቹ ካልለመዱት ይልመዱት። በመጀመሪያው ደብተር ላይ የነበረው የአዋሳኞች ስምም ከካርታው ጎን ይኑር፤ ቢያንስ ነገ ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን።

ወቅቱም ይታሰብበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት «አዋሳኞች ውጡ» ቢባል የሚወጣ የለም። በክረምት ደግሞ ጭቃው አያስኬድም። ከጥር በኋላ በልግ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው የሚሻለው። በ2010 ሸሽተው ዲላ፣ ይርጋጨፌ ወይም ሐዋሳ የቀሩ፣ ማሳቸው ግን አሁንም ቀርጫም ይሁን ጎቲቲ ያለ ቤተሰቦች አሉ። ቀበሌው ስልካቸውን ባያውቅ ዘመዳቸው ያውቃል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳቸው ከመለካቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ደውሎ ይጥራቸው፤ የመኪናውን መሳፈሪያ ራሳቸው ይችሉታል።